ቻርጅ ለሚደረግ የባትሪ ድንጋይ ቻርጀር አመራረጥ፦ ከሱቅ በፊት፣ ሱቅ ውስጥ፣ ከሱቅ በኋላ

ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ገዝተው ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ «ቻርጅ አልይዝ አለኝ» ብለው የሚጥሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ጥፋት የለበትም። የሚገድለው ቻርጀሩ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰው ድንጋዩን ይዞ ይሄዳል፣ ባለሱቁ ቻርጀሩ ላይ ይሰካዋል፣ ልክክ ይላል፣ ተከፍሎ ይወጣል። ልክክ ማለቱ የሚነግራችሁ ግን ርዝመቱንና ውፍረቱን ብቻ ነው።

ቻርጀር የሚመረጠው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ድንጋዩ በተሠራበት ኬሚካል (ኒኬል ወይም ሊቲየም)፣ ቀጥሎ በመጠኑ፣ ከዚያ በአምፒሩ፣ ማለትም በሚሰጠው ኮረንት ብዛት። ከገለበጣችሁት በኒኬል ድንጋይ ገንዘብ ታጣላችሁ። በሊቲየም ግን እሳት ሊነሳ ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቤት ያለውን ድንጋይ ሁሉ አውጡ። ከሪሞት፣ ከደም ግፊት መለኪያ፣ ከልጆች መጫወቻ፣ ከእጅ ባትሪ፣ ከካሜራ ፍላሽ፣ ከገመድ አልባ ማይክ። ማስመሪያ፣ እስክሪብቶና ወረቀት አዘጋጁ።

ቮልት የሚለካ ቴስተር ያስፈልጋችኋል። የኒኬል ድንጋይ ብቻ ላለው ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ ሊቲየም ላለው ሰው ግን ግድ ነው። ርካሹ ዲጂታል ይበቃል። መዞሪያውን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉት።

ጥንቃቄ፦ የቴስተሩ ቀይ ሽቦ የቮልት ቀዳዳ ላይ መሰካቱን አረጋግጡ። የአምፒር ቀዳዳ ላይ እንዳለ ድንጋይ ከነካችሁበት ሾርት ያደርጋል። የሊቲየም ድንጋይ ከሆነ ሽቦው እጃችሁ ላይ ይግላል።

ደረጃ 1፦ ድንጋዮቹን በዓይነት ለዩ

ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የእያንዳንዱን ጽሑፍ አንብቡ። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ ፊደሎቹንና ቮልቱን። ከዚያ በቡድን አስቀምጧቸው።

1. 1.2 ቮልት፣ ኤችአር6 ወይም ኤችአር03። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ኤችአር6 ዳብል ኤ፣ ኤችአር03 ትሪፕል ኤ ነው። ቤት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ይሄ ነው።

2. 1.2 ቮልት፣ ኬአር። ኒኬል ካድሚየም ነው። አሮጌ ገመድ አልባ ስልክና የድንገተኛ መብራት ውስጥ ታገኙታላችሁ። አዲስ አትግዙ፤ ካድሚየም መርዛማ ነው። ያለውን ለመጠቀም ሁለቱንም የኒኬል ዓይነቶች እንደሚሞላ የተጻፈበት ቻርጀር ይሆናል። ለኒኬል ካድሚየም ብቻ የተሠራ አሮጌ ፈጣን ቻርጀር ላይ ግን ኤችአር አታስገቡ። መሙላቱን ሳያውቅ ያቃጥለዋል።

3. 3.6 ወይም 3.7 ቮልት። ሊቲየም አዮን ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት። 18650፣ 21700፣ 14500 የሚባሉት አብዛኞቹ እዚህ ይመደባሉ።

4. 3.2 ቮልት፣ ብዙ ጊዜ አይኤፍአር ብሎ የሚጀምር። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። አንዳንድ የሶላር መብራት ውስጥ አለ። የሚቆመው 3.65 ቮልት ላይ ነው። የተለመደው የሊቲየም ቻርጀር እስከ 4.2 ይገፋዋል፤ ስለዚህ የራሱ ምርጫ ያለው ቻርጀር ይፈልጋል።

5. 1.5 ቮልት፣ ቻርጅ እንደሚደረግ የተጻፈበት ሊቲየም። አንዳንዱ ጎኑ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ውስጡ ቮልቱን የሚያወርድ ትንሽ ሰርኪዩት ስላለ ሌላ ቻርጀር አይገባውም። በራሱ ቀዳዳ ወይም አብሮት በመጣው ቻርጀር ብቻ ይሞላል።

6. ፈጽሞ ቻርጅ የማይደረጉ። ኤልአር6 አልካላይን ነው። አር6 ተራው ርካሽ ድንጋይ ነው። ኤፍአር6 ሊቲየም ቢሆንም የአንድ ጊዜ ነው። ሲአር ብለው የሚጀምሩት፣ ለምሳሌ ሲአር2032፣ እንደዚሁ። እነዚህን ከጠረጴዛው አንሱና ሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። ቻርጀር ላይ ከገቡ ያፈሳሉ፣ ሊቲየሞቹ ደግሞ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ጽሑፉ የተላጠ ድንጋይ ካገኛችሁ አትገምቱ። በቴስተር ለክታችሁ 3.3 ቮልት ቢያሳይ እንኳ ቁጥር 3 ይሁን ቁጥር 4 ቮልቱ አይለይላችሁም። ማንነቱ ያልታወቀ ድንጋይ ቻርጅ አይደረግም።

የተጻፈውን ኤምኤኤች አትመኑ

ኤምኤኤች ድንጋዩ የሚይዘው መጠን ነው። ደረጃ 3 ላይ ሒሳብ ስለምንሠራበት ውሸቱን አሁን ለዩ። ጥሩ የሚባለው 18650 የሚይዘው 3,500 ገደማ ነው። «9,900» ተጽፎበት ካያችሁ ፎርጅድ ነው፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ከ1,500 አይዘልም። ሚዛን ካላችሁ መዝኑት። ደህናው 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። በጣም ቀለል ካለ ውስጡ የለም ማለት ነው። የኒኬል ዳብል ኤ ከ2,800 በላይ ተጽፎበት ካያችሁም ተጠራጠሩ።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ለኩ

የሊቲየም ቁጥሮች ንባባቸው ቀላል ነው። 18650 ማለት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። የመጨረሻዋ ዜሮ ክብ መሆኑን ትናገራለች። 21700 በ21 እና በ70 ነው።

ግን በማስመሪያ ለኩት። መከላከያ ሰርኪዩት (አደጋ ሲመጣ ድንጋዩን የሚዘጋ) የተጨመረበት 18650 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አንዳንድ ቻርጀር ውስጥ በግድ ነው የሚገባው። እየገፋችሁ ካስገባችሁት የፕላስቲክ ልባሱ ይቀደዳል። የልባሱ መቀደድ ቀላል ነገር አይደለም፤ የድንጋዩ አካል በሙሉ ነጌቲቭ ስለሆነ አናቱ አካባቢ ብረት ቢነካው ሾርት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 14500 የሚባለው ሊቲየም ከዳብል ኤ ጋር ቁመቱም ውፍረቱም አንድ ነው። 10440 ደግሞ ከትሪፕል ኤ ጋር። አንዱ 1.2 ቮልት፣ ሌላው 3.7 ቮልት። በዓይን አይለዩም። ሪሞት ውስጥ 14500 ብታስገቡ ሪሞቱን ታቃጥላላችሁ። የኒኬል ብቻ የሆነ ቻርጀር ላይ ብታስገቡት ደግሞ ቻርጀሩ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ሁለቱም ቤት ካሉ ሊቲየሞቹን በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጉባቸውና ለብቻ ሳጥን አስቀምጡ። ልጆች ድንጋይ ከሚያነሱበት መሳቢያ አርቁ።

ትልልቆቹ ሲ እና ዲ ድንጋዮች ሜጋፎንና ትልቅ ቴፕ ላላቸው ሰዎች ናቸው። አብዛኛው ቻርጀር ቦታ የለውም፤ ማስገቢያው ሰፊ የሆነ ፈልጉ። ቻርጅ የሚደረግ ዲ ስትገዙም በእጃችሁ መዝኑት። ትልቅ ሆኖ 2,500 የተጻፈበት ብዙ ጊዜ ውስጡ ዳብል ኤ ነው። እውነተኛው 8,000 እና ከዚያ በላይ ይይዛል፣ ሲያነሱትም ይከብዳል።

ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ደግሞ የራሱ ማስገቢያ ይፈልጋል። ኒኬሉ 7.2 ወይም 8.4፣ ሊቲየሙ 7.4 ቮልት የተጻፈበት ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ለዩ።

ደረጃ 3፦ ስንት አምፒር እንደሚያስፈልግ አስሉ

ለኒኬል፦ ኤምኤኤቹን ለሦስት ስታካፍሉ ትንሹን፣ ለሁለት ስታካፍሉ ትልቁን አምፒር ታገኛላችሁ። 2,000 የሚይዝ ዳብል ኤ ከ650 እስከ 1,000 ሚሊአምፒር ይስማማዋል። 800 የሚይዝ ትሪፕል ኤ ከ250 እስከ 400።

ለሊቲየም፦ ለሁለት አካፍሉ፣ ከዚያ በታች ቢሆን ይሻላል። 2,500 የሚይዝ 18650 በ1,000 ሚሊአምፒር ይሞላል። 800 የሚይዝ 14500 ግን ከ400 ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ትንንሽ ሊቲየም ያለው ሰው አምፒሩን ዝቅ ማድረግ የሚቻልበት ቻርጀር መግዛት አለበት። አንድ አምፒር ብቻ የሚሰጥ ቻርጀር ለትልቁ ጥሩ፣ ለትንሹ አደጋ ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ይሰላል፦ ኤምኤኤቹን ለሚሊአምፒሩ አካፍሉ፣ ለኒኬል በ1.2 አባዙ። 2,000 በ1,000 ሲካፈል ሁለት ሰዓት፣ በ1.2 ሲባዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ችግር ሲመጣ የምትመለሱት እሱ ጋ ነው።

«ቀስ ብሎ የሚሞላ ለድንጋዩ ደግ ነው» የሚለው አባባል ለኒኬል ግማሽ እውነት ነው። ጥሩ ቻርጀር የኒኬል ድንጋይ መሙላቱን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ቮልቱ በጥቂት ሚሊቮልት ዝቅ ሲል ነው። አምፒሩ በጣም ካነሰ ይቺ ዝቅታ አትታይም። ቻርጀሩ ይቀጥላል፣ ድንጋዩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅ ያድራል።

ደረጃ 4፦ ቻርጀሩ ሊኖረው የሚገባውን ወስኑ

እያንዳንዱን ለብቻው መከታተል። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ አትደራደሩ። ርካሹ ቻርጀር ሁለት ሁለቱን አጣምሮ ነው የሚሞላው። ባዶ ጀሪካንና ግማሽ የደረሰ ጀሪካን ለእኩል ጊዜ ውኃ እንደመቅዳት ነው፤ አንዱ ይፈሳል፣ ሌላው ይጎድላል። በድንጋይ ሲሆን የፈሰሰው ሙቀት ሆኖ ድንጋዩን ያደርቀዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አራት ማስገቢያ ኖሮት ሁለት መብራት ብቻ ካለው፣ ወይም «ሁለት ወይም አራት ብቻ አስገባ» የሚል ካለበት አትግዙ።

ራሱ የሚቆም መሆን። በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚቆም ቻርጀር መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት አይሆንም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ሊሞላ አንድ ሰዓት የቀረው ድንጋይ ሌላ ሙሉ ዙር ይጫንበታል። ማታ ሦስቴ ከሄደ ሦስቴ ማለት ነው። ለኒኬል በማሸጊያው ላይ የቮልት ዝቅታን የሚለይ መሆኑ፣ የሙቀት መለኪያም ያለው መሆኑ የተጻፈበትን ምረጡ።

ኬሚካሉን የሚለይ ወይም የሚያስመርጥ መሆን። ኒኬልም ሊቲየምም ላለው ሰው ሁለቱንም የሚሞላ ባለ ስክሪን ቻርጀር ያዋጣል። 3.2 ቮልት ካላችሁ ያ ምርጫ በእጅ የሚስተካከል መሆኑን ጠይቁ፤ ቻርጀር ያንን በራሱ መለየት አይችልም።

ስክሪኑ፣ አቅም መለኪያው፣ ማደሻው (ድንጋዩን እየሞላ እያራገፈ የሚያነቃው) ቢኖሩ ደስ ይላል። ብሩ ካልበቃ ግን ከእነሱ ቀንሱ እንጂ ከላይ ካሉት አትቀንሱ። ኒኬል ብቻ ላለው ሰው እያንዳንዱን ለብቻው የሚከታተል ተራ ባለ አራት ማስገቢያ ይበቃዋል።

ደረጃ 5፦ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ

ግልብጥ አድርጉት። ሁለት መስመር ፈልጉ።

*መግቢያ።* እኛ አገር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። «100–240» ካለ ሰላም ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቻርጀር «120» ብቻ ካለበት ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት፤ ወዲያው ይቃጠላል። የሶኬት ጫፍ መቀየሪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም።

በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ የሚፈልገውን አምፒር እዩ። አራት ሊቲየም በአንድ ጊዜ በአንድ አንድ አምፒር የሚሞላ ቻርጀር ከ17 ዋት በላይ ይፈልጋል። የድሮ ስልክ ቻርጀር አምስት ዋት ነው። ብትሰኩት መብራቱ ይበራል፣ ድንጋዩ ግን ቀኑን ሙሉ አይሞላም።

*መውጫ።* ለሊቲየም 4.2፣ ለኒኬል ከ1.4 እስከ 1.5 አካባቢ መሆን አለበት፤ የየአንዳንዱ አምፒርም ይጻፋል። ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሚሞላ ምንም ያልተጻፈበትን መልሱ።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ውስጥ ሞክሩት

1. የራሳችሁን ደህና ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱ።
2. ሶኬት ላይ አሰኩት። የሚሸት ወይም ዝዝ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ እዚያው ተዉት።
3. አንድ ድንጋይ ብቻ አንደኛው ማስገቢያ ላይ አድርጉ። ቻርጅ ካልጀመረ ጥንድ ጥንድ የሚሞላ ነው።
4. በየማስገቢያው አዘዋውሩት። አንዱ ማስገቢያ ካልሠራ አሁን እወቁት።
5. ድንጋዩን የሚይዘውን ሞላ (ስፕሪንግ) ተጫኑት። ላላ ካለ፣ ቆይቶ ንክኪው ይቆራረጣል።
6. ዋስትናውን በደረሰኝ አስጽፉ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ቻርጅ

ቻርጀሩን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አስቀምጡ። አልጋ፣ ሶፋ፣ መጋረጃ አጠገብ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት፣ ሁሉም ክልክል ነው። ከዲቫይደር ይልቅ ግድግዳ ሶኬት ይሻላል። የመጀመሪያውን ዙር ቀን አድርጉት፣ ቤት ሆናችሁ።

አምፒሩን አስተካክሉ፣ ፖዘቲቭና ነጌቲቩን እዩ፣ አስገቡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱ። የኒኬል ድንጋይ መጨረሻ ላይ ቢሞቅ ያለ ነው። ይዛችሁት መቆየት እስኪያቅታችሁ ከጋለ ግን ንቀሉ። ሊቲየም ለብ ከማለት ማለፍ የለበትም።

ሲጨርስ ሊቲየሙን አውጡና በቴስተር ለኩ። 4.15 እስከ 4.20 ጥሩ ነው። ከ4.25 ካለፈ ቻርጀሩን መልሱ። ይሄ ልኬት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሊቲየም ላይ ግን ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ሥራ የለም። የኒኬሉን አንድ ሰዓት አሳርፋችሁ ለኩ፤ ከ1.35 እስከ 1.45 መሆን አለበት።

አብረው የሚሠሩትን ድንጋዮች ቁጥር ስጧቸው። ፍላሽ ውስጥ አራት ከሆኑ አራቱም ሁልጊዜ አንድ ላይ ይግቡ፣ አንድ ላይ ይሙሉ። አሮጌና አዲስ ከተቀላቀለ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ በግልባጭ ይሞሉታል። ያኔ ይሞታል።

ሶኬት ላይ የሚሰካው የእጅ ባትሪ

ከኋላው ሶኬት የሚወጣለት የእጅ ባትሪ ቤት አለ? ብዙዎቹ ውስጣቸው ባለ 4 ቮልት የአሲድ ባትሪ አለ። ቻርጅ የሚያደርገው ሰርኪዩት እጅግ ርካሽ ነው፤ ሲሞላ አያቆምም። ሌሊቱን አታሳድሩት፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቃችሁ ንቀሉ። እንደተሰካ አትክፈቱት፤ ውስጡ ከ220ው ጋር የተገናኘ ነው፣ ይይዛችኋል።

የአሲዱ ባትሪ ሲሞት በቦታው 18650 የሚበይዱ ሠራተኞች አሉ። እምቢ በሉ። ያ ሰርኪዩት 4.2 ላይ አይቆምም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ቻርጀሩ ድንጋዩን አላይ አለ። መጀመሪያ ጫፎቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አሁንም ካላየ ለኩት። የኒኬሉ ቮልት በጣም ከወረደ ዘመናዊ ቻርጀር ላይቀበለው ይችላል። ተራውን ቻርጀር ለምኑና አጠገቡ ሆናችሁ አምስት፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ሙሉት፣ ከዚያ ወደ ዋናው መልሱት። ይህን ዘዴ ሊቲየም ላይ አትሞክሩ። ሊቲየም ለረጅም ጊዜ ከ2 ቮልት በታች ከቆየ ይጣላል። መከላከያ ያለው ሊቲየም ድንገት ዜሮ ቢያሳይ ግን ራሱን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። የሊቲየም ቻርጀር ላይ በትንሹ አምፒር አድርጉት። ወዲያው ወደ 3 ቮልት ገደማ ከዘለለ ተከፍቷል፤ ካልዘለለ ተዉት።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞላሁ አለ። ወራት የተቀመጠ ኒኬል መጀመሪያ ላይ የውሸት ምልክት ይሰጣል። አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ። ማደሻ ካለው ሁለት ሦስት ዙር አስኬዱ። ከዚያም ካልተሻለው አርጅቷል።

አልጨርስ አለ። ወረቀቱን አውጡ። ያሰላችሁት ሰዓት በግማሽ ከተጨመረበት በኋላም ካላቆመ ንቀሉ። አምፒሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ በሚቀጥለው ዙር ሞክሩ፤ ያም ከፍታ ከደረጃ 3 ገደብ እንዳያልፍ።

መብራት ሄዶ መጣ። ሊቲየም ችግር የለበትም፣ ከቆመበት ይቀጥላል። ኒኬሉን ዳስሱት። ሞቅ ካለ ሊጨርስ ነበር ማለት ነው፤ አውጡት።

ሊቲየሙ አበጠ፣ ሸተተ ወይም ጋለ። በእጅ አትንኩት። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ሶኬቱ አጠገብ መድረስ ካስፈራ ቆጣሪውን አጥፉ። ጭስ ከጀመረ ጭሱን ሳትስቡ ሰው ሁሉ ከክፍሉ አስወጡና ለእሳት አደጋ ደውሉ። ጭስ ከሌለ እስኪበርድ ጠብቃችሁ ውጭ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ሸፍኑ። ከቤት ቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት፣ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቦታም አትጣሉት። ያንን ማስገቢያ ሳትፈትሹ አትጠቀሙበት፤ መጀመሪያ ሌላ ደህና ድንጋይ አስገብታችሁ ሲጨርስ ለኩ፣ 4.2 ላይ መቆሙን ካያችሁ ብቻ ወደ ሥራ መልሱት።